የአባቷ ማስታወሻ አልከፈት ሲል

በእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደሆነ አላውቅም፤ እኛን ግን አንዲት ኬብል ለሦስት ቀን አኮራርፋናለች።

የባለቤቴ አባት ከማረፋቸው በፊት የመምህርነት ዘመናቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። የአክስቷ ልጅም ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒውተር ተይቦላቸዋል። እህቷ ከአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ስትልክላት፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ጽሑፍ ጭና ማታ ማታ ለልጆቹ ማንበብን ነበር።

ጽሑፉን ከፎቶዎቹ ጋር ወደ ኢፐብ ቀይሬ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ኬብሉን መዘዝ አደረግሁት። ርዕሱ ይታያል፤ ሲነኩት ግን ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም ይላል። እኔም እንደ ዐዋቂ፣ “በቃ ፎርማት እናድርገው!” አልኩ። ፊቷን ባያችሁት! አባቷ ሁለተኛ የሞቱባት ነው የመሰላት።

እባካችሁ፣ እናንተ ወደ ፎርማት አትቸኩሉ፤ በመሣሪያው ያለውን ሁሉ ያጠፋልና። መጀመሪያ ዋናው ፋይል ኮምፒውተር ላይ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ከዚያ የሁለቱን መጠን አስተያዩ። የእኛው ማንበቢያው ላይ ያለው አንሶ ተገኘ፤ በግማሽ የቀረ ቅጂ ነበር። እሱን አጥፍቼ እንደገና ቀዳሁት። ኮምፒውተሩ ጨረስኩ ቢልም ገና እየጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ “ኢጀክት” ብዬ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ነው ኬብሉን የነቀልኩት።

ተከፈተ። ግን አማርኛ የለም! ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች (ብዙዎቻችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተጠቅመንባቸዋል) ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ሀ ሁን አያገኛትም። ፋይሉ አልተበላሸም ማለት ነው። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ፎንቱን አካትቶ ፒዲኤፍ ማድረግ ይቻላል፤ እኔም ሞክሬው ነበር፤ ግን በትንሽ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ጉንዳን አከለ። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ለውጬ፣ የሳተውን ለማረም ከባለቤቴ ጋር ቁጭ አልን። ሦስተኛው ምሽት መሆኑ ነው።

አንድ የተጣመመ ቃል አገኘሁና ላርመው ስል እጄን ያዘችኝ።

“ተወው፤ አባባ እንዲህ ነበር የሚለው።”