ስለ ልባጥ

ልባጥ የሚለው ቃል በሕዝባችን ዘንድ ክብር የለውም፤ የውስጥን ጉድለት በውጭ ውበት መሸፈን ይመስላል። ለሙሽራ ልጃቸው ባለመስተዋት የመኳኳያ ጠረጴዛ ያዘዙኝ አንዲት የቡልቡላ እናትም፣ «ጋሼ፣ ድፍን ዋንዛ ይሁንልኝ፤ ልባጥ አልቀበልም» ነበር ያሉት።

ዋንዛ ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። የአንድ ጠረጴዛ ፊት የሚሆን የ2.4 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ በ0.6 ሚሊ ሜትር ቢገፈፍ 40 ፊት ያለብሳል። ይህን ስነግራቸው፣ «የቀረው 39ኙስ?» አሉ። ለሌሎች ሙሽሮች፣ አልኳቸው። ከዝዋይ ወደ አብያታ በሚወርደው ወንዝ አካባቢ ግራሩ ከሰል ሲሆን ያዩ ናቸውና ነገሩ ገባቸው።

ደረቁ የስምጥ ሸለቆ አየርም ሰፊ ሳንቃን ይሰነጥቃል። ኮምፔንሳቶ ግን ንብርብሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግረው ስለተጣበቁ ይጸናል። ልባጡ በአንድ ገጽ ብቻ ከተለጠፈ ኮላው ሲደርቅ እየሳበ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህም ማንም የማያየውን ጀርባ ጭምር አለበስኩት። (ብዙ ባለሙያ የሚሰስተው እዚህ ላይ ነው።) ለመሳቢያዎቹ ሁለት ተከታታይ ቅጠሎችን እንደ መጽሐፍ ገልጬ ብገጥማቸው የዋንዛው መልክ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተዘረጋ። ከዚያም ስስ የብርጭቆ ወረቀት፣ እጅ ሳይከብድ። ቫርኒሹን የቀባሁት ማለዳ፣ ነፋሱ አቧራ ሳያነሣ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቼ ነው።