ማን ቆጠረን?

ግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጣሪዋ ደጃችን ስትመጣ አያታችን የቤቱን ሰው ስምና ዕድሜ አንድ በአንድ አስመዘገቡ። እኛም «ሰባት ዓመት» ተብለን ተጻፍን። ያኔ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነን ተገኘን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ቢልም፣ አራተኛው በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የሚታቀደው ከ1999ኙ ተነስቶ በተሰላ ግምት ነው።

ታዲያ እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን ብንመረቅም፣ በመዝገቡ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነን። አያታችን ካረፉ ቆዩ፤ እዚያ ግን አሉ። በ2001 ዓ.ም. የተወለደው ወንድማችን እዚህ አለ፤ እዚያ ግን የለም።

እናም ወዳጆቻችን፣ «ሕዝባችን ይህን ያህል ሚሊዮን ደረሰ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ እንደኛው «ማን ቆጠረን?» በሉማ!