ስፓይደርማንማ የታለ?

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሻንጣ ነው። ልጅቷ ከመሃላችን የአንዱ የአክስት ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ባለፈው ክረምት ከእናቷ ጋር አያቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከአሜሪካ ሻንጣ ምን እንደሚጠበቅ እናንተም ታውቃላችሁ (ጫማ፣ ሽቶ፣ ቢበዛ ቸኮሌት)። እሷ ያወጣችው ግን ጠርዙ የተላላጠ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ነበር። ሽፋኑ ላይ «ስፓይደርማን» የሚል አየንና ወዲያው ወረፋ ያዝን። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው፣ ያውም ልጅቷ ልትመለስ አምስት ሳምንት ሲቀራት!

እኛ ስፓይደርማንን የምናውቀው ከፊልም ነው። በ2002 የወጣውን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው፣ ጉዳዩ የእነሱ ነውና) ቶቢ ማጓየር ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወነጨፍበትን ፊልም በኪራይ ሲዲ እየተቆራረጠ ያየን፣ ከዚያም የሰፈር አጥር ላይ ወጥተን የተፈነከትን ትውልድ ነን። ኮሚኩን እጃችን ነክቶት አያውቅም።

መጽሐፉ «ማይልስ ሞራልስ፦ ስፓይደርማን» ይባላል። በ2017 የታተመ ሲሆን ደራሲው ጄሰን ሬይኖልድስ ነው። (ሰውዬው እስከ 17 ዓመቱ ድረስ አንድ ልብወለድ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እንደማያውቅ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ማንበብ ላቃታችሁ ተስፋ ነው።) ማይልስ በ1962 የተፈጠረው ፒተር ፓርከር አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ የሚኖር፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ የፖርቶ ሪኮ ሰው የሆነች የ16 ዓመት ልጅ ነው። ኮሚኩ ላይ ብቅ ያለው በ2011 ሲሆን የፈጠሩት ጸሐፊው ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሰዓሊዋ ሳራ ፒኬሊ ናቸው። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ «ስፓይደርማን እንዴት ጥቁር ይሆናል?» ብሎ የተቆጣ ሰው ጥቂት አልነበረም። እኛ ጋ የደረሰው በ2018ቱ የአኒሜሽን ፊልም ነው፤ በማግስቱ ዓመት ኦስካር የወሰደው።

መጀመሪያ የደረሰው የእኛው ፈጣን አንባቢ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «ስፓይደርማንማ የታለ?» አለ።

እውነቱን ነው። ማይልስ ስኮላርሺፕ አግኝቶ የገባበት ትልቅ ትምህርት ቤት አለ፤ ሐሳቡ ሁሉ ያቺ ዕድል እንዳታመልጠው ነው። ግጥም የምትጽፍ አንዲት ልጅ ፊት ሲቆም አፉ ይታሰራል። ከጓደኛው ከጋንኬ ጋር ይቀላለዳል፣ እሁድ እሁድ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካለች ሱቅ ይሠራል። ድር የሚተፋበት ገጽ በጣት ይቆጠራል። አደጋ ሲመጣ የሚነዝረው ስሜቱ እንኳ ክፍል ውስጥ ታሪክ ሲማር ይነሳበትና መከራውን ያሳየዋል፤ ጭራሽ ስፓይደርማንነቱን ልተው ይሆን ብሎ ያስባል። ወዳጃችን «ሸረሪት የሌለበት የሸረሪት መጽሐፍ» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያማው ከረመ። በነገራችን ላይ ብቻውን አይደለም፤ ባሕር ማዶም መጽሐፉን ካነበቡት ብዙዎቹ ይህንኑ ቅሬታ ያነሳሉ።

ሁለተኛው አንባቢያችን ደግሞ በተቃራኒው ቆመ። እሱን የያዘው ሚስተር ቻምበርሌይን የሚባለው የታሪክ መምህር ነው። ድምፁን ሳያነሳ፣ በጨዋ አነጋገር፣ ባርነት ያን ያህል ክፉ እንዳልነበረ ለልጆች የሚያስተምር ሰው። «ከዚህ የባሰ ምን ጭራቅ ትፈልጋላችሁ?» ይለናል። ሦስተኛዋ ግን መጨረሻው አናደዳት። ቻምበርሌይን ለካስ ብቻውን አይደለም፣ ከጀርባው ዋርደን የሚባል ክፉ ሽማግሌ አለ። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነን። መምህሩ ነገ የትም ልናገኘው የምንችለው ሰው ስለነበር ነው ያስፈራን። የሆነ ሽማግሌ ከጓሮ ሆኖ ያዘዋል ሲባል ፍርሃቱ ቀለለብን፤ ኮሚክ ሆነ። ደራሲው ጠቡን ለእኛ ፈጣን አንባቢ ብሎ ያስገባው ይመስላል። እሱም አላመሰገነውም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

መጽሐፉ በመጨረሻ የደረሰው አራተኛዋ ጓደኛችን ጋ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነበረች። አስር ቀን ያዘችው። ስትመጣ ስለ ውጊያውም ስለ ሽማግሌውም ምንም አላለችም። ያወራችው ስለ ሱቁ ነው። ማይልስ ከሚሠራባት ሱቅ ጥቂት ጣሳ ቋሊማ ጠፋ ይባልና ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው። «ግድግዳ መውጣት ይችላል» አለች፤ «‹አልወሰድኩም› ሲል ግን የሚያምነው የለም።»

ከዚያ የራሷን ነገረችን። የዛሬ ዓመት ገደማ ካዝናዋ ላይ 1,840 ብር ጎደለ። በዚያ ቀን ማሽኑን የነካው ሦስት ሰው ነው፤ የተመዘገበው ግን በእሷ ስም ነበር። ማንም አልጮኸባትም። አለቃዋ በጨዋ አነጋገር «እዚህ ላይ ፈርሚ» አላት፤ ፈረመች። በሁለት ወር ከደሞዟ ተቆረጠ። ገንዘቡ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ግን እሷ ተረኛ ስትሆን አንድ ሰው ከኋላዋ ይቆም ነበር። በአራተኛው ወር ለቀቀች።

በእነዚያ ወራት ከእኛ ጋር ማኪያቶ መጠጣት አቁማ ነበር። እኛ ምን አልን መሰላችሁ? «ቋጣሪ» አልናት። ስም አወጣንላት፤ ልደቷ ቀን እንኳ በዚያው ቀልደናል። ከመሃላችን አንድ ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ይህን ስትነግረን ፈጣኑ አንባቢያችን ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ። ማንም ይቅርታ ለማለት አልፈጠነም፤ አፋችን ተሳስሮ ነበር። እሷ ናት ወሬ የቀየረችው።

ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት አያቷ ቤት ቡና ተጠርተን ጠየቅናት። አንቺስ፣ ስፓይደርማን አላነሰብሽም? በዚያ በሚጣፍጥ የተሰባበረ አማርኛዋ «ለእሱማ ፊልሙ አለ አይደል?» አለችን። ከዚያ ፈንዲሻ እየቆረጠመች፣ ቀለል አድርጋ፣ ትምህርት ቤቷ ስለ ባርነት ሲማሩ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እሷን እንደሚያያት ነገረችን። ከቆዳዋ ጥቁር በዚያ ክፍል እሷ ብቻ ናት። «እኔ እኮ ከኢትዮጵያ ነኝ ልል ነበር» አለች፤ «ግን እንደዛ ስል ሌሎቹን የተውኳቸው መሰለኝ። ዝም አልኩ።» አያትየው ጉዳዩ ባይገባቸውም «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ።

መጽሐፉን ይዛው አልሄደችም። ለካሸሯ ሰጥታት ሄደች።

ታሪኩ ተከታይ እንዳለው ለፈጣኑ አንባቢያችን ነግረነዋል፤ በ2023 የወጣ ነው፣ ማይልስ በቅጣት ከክፍል ተባሮ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተለይቶ ስለሚቀመጥበት ጊዜ፣ ያውም ከፊሉ በግጥም። «ተቀምጦ? በግጥም?» ብሎ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ፣ ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ይኖራት ይሆን፣ ሲል ሰማነው።