ሁለት ቤቶች፣ ሁለት ግብሮች

በሎስ አንጀለስ ከተማ ቤት የገዛሁት በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ከጎኔ ያለው ቤት በስፋቱም ሆነ በአሠራሩ ከእኔው አይለይም። በዚያ ቤት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አዛውንት ከ1968 ጀምረው ይኖራሉ። የመጀመሪያው የግብር ማስታወቂያ ሲደርሰኝ መሠረታዊው ግብር 6,000 ዶላር ሆኖ አገኘሁት። የጎረቤቴ ግብር ግን 900 ዶላር እንኳ የማይሞላ መሆኑን ስሰማ ቅሬታ አደረብኝ። «መንገዱ አንድ፣ ቤቱ አንድ ዓይነት፤ ታዲያ ግብሩ ስለ ምን ይለያያል?» ስል ራሴን ጠየቅሁ።

ምክንያቱን ያስረዱኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ሲያሻቅብ ግብሩም አብሮ ናረ። «ባለቤቴ ታሞ ሥራ አቁሞ ነበር። ልጄ፣ የቤታችን ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር እኛ እየደኸየን ሄድን፤ ቤቱን ለመሸጥም ተዘጋጅተን ነበር» አሉኝ። በጁን 1978 ግን ከመራጩ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ድንጋጌ አጸደቀ። በዚህም መሠረት የቤቱ ግምት ወደ 1975 ዋጋ ተመለሰ፤ ግብሩ ከግምቱ 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ቤቱ ሲሸጥ ግን በገበያ ዋጋ እንደ አዲስ ይገመታል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቅሬታዬ በረደ። ይሁን እንጂ ሌላ ሐሳብ ተተካ። ድንጋጌው ሲጸድቅ ከንብረት ግብር የሚገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ ስለ ቀነሰ፣ ትምህርት ቤቶች የክፍለ ግዛቱን መንግሥት ካዝና ጠባቂዎች ሆኑ። ከዚህም በላይ ጥቅሙ ለችግረኛ አዛውንት ብቻ ሳይሆን ለባለጸጎችና ለትልልቅ ኩባንያዎችም ይደርሳል።

በ2022 ከፊት ለፊቴ ያለውን ቤት አንድ ወጣት ባልና ሚስት በ1,000,000 ዶላር ገዙ። ግብራቸው 10,000 ዶላር ነው። የእኔን ጠይቀውኝ 7,000 እንደማይሞላ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ያንን ፊት ዐውቀዋለሁ፤ የራሴው የቀድሞ ፊት ነበር። ለካ ሳላስተውለው እኔም ከነባሮቹ ተርታ ተሰልፌ ኖሯል!

ያን ዕለት ማታ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሰው ስለ ሕግ ሲፈርድ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ከቆመበት ስፍራ ሆኖ ነው። አዛውንቷን ከቤታቸው የማያፈናቅል፣ አዲስ መጪውንም ከሚገባው በላይ የማያስከፍል ሕግ ማውጣት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሚዛኑን መፈለግ ያለብን ሸክሙ የከበደብን ጊዜ ብቻ ሳይሆን የቀለለልንም ጊዜ ነው።