የክሪስፒ ፋና

ጣልያኖች «ፋሮ» የሚሉትን የባሕር ዳር የመብራት ማማ እኔ የማውቀው በሥዕል ብቻ ነው። የምኖረው ገርጂ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ። እንዲህ ባለ ሰፈር ተቀምጦ ስለ መርከብ መብራት መጻፍ ለአንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገሩን ያመጣብኝ ስለ ዐድዋ የጀመርኩት ተውኔት ነው።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነው። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር እርሱ ነበር፤ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ወሬ ሮማ ሲደርስ ከሥልጣን የወረደውም እርሱ ነው። በትምህርት ቤት ታሪካችን የሰውዬው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ስሙን ተከትዬ ስሄድ፣ ከዐድዋ 28 ዓመት በኋላ በሶማልያ ጠረፍ፣ የአፍሪካ ቀንድ ወደ ባሕር በሚገባበት በጓርዳፉይ ጫፍ፣ ለአንድ የመብራት ማማ ተሰጥቶ አገኘሁት። ድል የተመታ ሰው ስም ለፋና!

ቦታው በእርግጥ ብርሃን ያሻው ነበር። የሱዌዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚታጠፉ ብዙ መርከቦች የሚዞሩት በዚሁ ጫፍ ነው። ከእርሱ በስተ ደቡብ ደግሞ ራስ ሸናጌፍ የሚባል፣ ከሩቅ ሲያዩት እርሱን የሚመስል ሌላ ጫፍ አለ። ለእኛ ክረምት በሆነው ወራት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጥና አየሩ ሲዳምን፣ ከደቡብ የመጣው መርከበኛ ይህን የፊተኛውን ጓርዳፉይ ነው ብሎ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። የሚጠብቀው ግን ክፍት ባሕር ሳይሆን ዝቅ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። በዚህ መሳሳት ብዙ መርከብ ተሰበረ፤ ብዙ ሰውም አለቀ።

የመጀመሪያው ማማ የተሠራው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታነጽ ግን ቅርጹ ሌላ ሆነ፤ በአንድነት የታሰሩ በትሮችና ከጎናቸው የወጣ መጥረቢያ። በጥንታዊት ሮማ በሹማምንት ፊት ይያዝ የነበረ፣ በኋላም ፋሺስቶች መጠሪያቸውን ያወጡበት ምልክት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ይኸው ምልክት ከጦር ሠራዊት ጋር ወደ እኛ አገር ገባ።

ለተውኔት ጸሐፊ ይህን የመሰለ ሲሳይ የለም ይባል ይሆናል። መጥረቢያውን መድረክ ላይ ማቆም ነው፤ ተመልካቹ ያየዋል፣ ይጠላዋል፣ አለቀ። እኔን ያስቸገረኝ ሌሊቱ ነው። በጨለማ መጥረቢያው አይታይም። እያንዳንዱ የባሕር ፋና የራሱ የሆነ የብልጭታ ምት አለው፤ መርከበኛው ሰከንዱን ቈጥሮ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይና የት እንዳለ ያውቃል። (የግጥም ቤት ልክ በጆሮው ለሚለይ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።) የክሪስፒን ስም ከብርሃኑ ላይ የሚያነብ መርከበኛ አልነበረም። ድንጋዩ የተቀረጸው በቀን፣ በየብስ ለሚያየው ለተገዛው ሕዝብ ነበር ማለት ነው። አንድ ሥራ፣ ሁለት ተመልካች።

ይህን ለአንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ ባጫውተው፣ «ወታደር ጭኖ ወደ ሞቃዲሾ የወረደውስ መርከብ በማን ብርሃን ዞረ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በ1928 ዓ.ም. በደቡብ በኩል የመጣብን ጦር ከኢጣልያ ተነሥቶ የተጓዘው በዚያው ጫፍ በኩል ነው። ቢሆንም የወዳጄ ጥያቄ የፊተኛውን ሐሳቤን አላፈረሰብኝም፤ ብርሃኑ ጓዝና ሰንደቅ ዓላማ መርጦ አያበራም፤ ለገዳዩም፣ ዓሣ ነጋዴውን ለጫነው ጀልባም ያው ነው። ከዚህ ወዲያ ብርሃኑን ንጹሕ ነው ለማለትም፣ ጥፋተኛ ነው ለማለትም አልደፍርም።

እኛም ሰፈር ፋና አለ። ባሕር ባይኖረን ሰማይ አለን። የልደታው ሜዳ ለጄት አውሮፕላን አጭር ሆኖ በመገኘቱ ቦሌ ተሠራ፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይሻልና። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ጄቶች መጡ። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የየብስ ማረፊያ ምልክት መብራት ነጭና አረንጓዴ እየተፈራረቀ ይበራል፤ አሠራሩ ከባሕሩ የተወረሰ ነው። ማረፊያው በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ነበረው፤ ዛሬ በሰፈሩ ስም ቦሌ ይባላል። በነሐሴ ደመና ውስጥ ሆኖ ማረፊያውን የሚፈልግ አብራሪ ግን ያኔም ዛሬም የሚፈልገው ብርሃኑን ነው።

የጓርዳፉዩ መብራት ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግንቡ እስከ መጥረቢያው ቆሟል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚታየው መታየት ያልነበረበት ወገን ብቻ ነው። በተውኔቴ ሦስተኛ ክፍል መድረኩ ይጨልማል፤ የመብራት ባለሙያው ሰከንድ እየቈጠረ አንድ ብልጭታ ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ ያሻግራል፤ ክሪስፒም በጨለማው ውስጥ ይናገራል። የመጥረቢያውን ጥላ መቼ እንደምናሳይ እኔና አዘጋጁ ገና አልተስማማንም።