በጎማ ላይ የሚሄድ ጓዳ

ለዕረፍት ከቤታችሁ ስትወጡ ጓዳችሁ ተከትሏችሁ ቢመጣ ምን ትላላችሁ? እኔን ባለፈው ጥር የገጠመኝ ይኸው ነው።

ታናሽ እኅቴ በአሜሪካ፣ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እርሱ ታክሲ ይነዳል፤ እርሷ በሆቴል የመኝታ ክፍሎችን ታጸዳለች። ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ለሦስት ሌሊት የመኪና ቤት ተከራይተው «የሞት ሸለቆ» ወደሚባለው ምድረ በዳ ይዘውኝ ሄዱ። የመኪና ቤት የምላችሁ አልጋ፣ የቡታጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና መጸዳጃ የተሠራለት ትልቅ መኪና ነው።

ወራቱ ክረምታቸው ነበር። ክረምት ስላችሁ የሐምሌን ዶፍና ጭቃ እንዳታስቡ። በዚያ ሸለቆ የሚዘንበው በዓመት በአማካይ ስድስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጥር ቀኑ ለብ ያለ ሲሆን ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል። በበጋቸውማ አይቀመስም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1913 ዓ.ም. 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበው በዚሁ ስፍራ ነው። ብዙ አከራዮች የመኪና ቤታቸውን በሙቀቱ ወራት ወደዚያ መውሰድ የሚከለክሉት ስለዚህ ነው።

ከላስ ቬጋስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንወርድ ጆሮአችን ተደፈነ። የሸለቆው ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። የእኛው ዳሎል ከዚያም ይጠልቃል። ሜዳው ነጭ ጨው ለብሷል፤ ቀና ስትሉ ደግሞ 3,366 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በረዶ ተከናንቦ ይታያል። ጨውና በረዶ ባንድ ዓይን! የአሞሌ ነጋዴዎቻችንንና ግመሎቻቸውን አስታወሰኝ።

ሲመሽ ባለቤቷ ሞተሩን አጥፍቶ እግሩን ዘረጋ። ደግ ሰው ነው፤ መንዳቱ የዕለት ድርሻው መስሎት ነው። ልጆቹ ድንጋይ ሊለቅሙ ሄዱ። እኅቴ ግን ሽሮ አቁላልታ፣ እንጀራ አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ፣ ወለሉን ጠርጋ አልጋ ማንጠፍ ያዘች። ላግዝሽ ስላት «አንቺ እንግዳ ነሽ እቴ» አለችኝ። ከዚያ ትራሱን እንደያዘች ቆም ብላ «በሆቴል አሥራ አምስት ክፍል አነጥፋለሁ። ይኸ አሥራ ስድስተኛው መሆኑ ነው» አለች። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው አለቀ። የመኪና ቤት ውሃ ከታንከር የሚቀዳ ነው፤ እንደ ከተማ ቧንቧ ለቃችሁ ካጠባችሁበት በአንድ ቀን ይነጥፋል። የታጠባችሁበትም እድፍ በሌላ ታንከር ስለሚጠራቀም ሄዶ የሚደፋው ሰው ያስፈልጋል። ልጅየው «እማዬ፣ ለምን ጨረስሽው?» ብሎ ሲጠይቅ የእኅቴ ፊት ተለወጠ። የበላነው አምስታችን፣ የጨረሰችው እርሷ!

ስለ ሸለቆው ያነበብኩትን አንድ ታሪክ ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ የሚጓዙ ሰዎች አቋራጭ እናገኛለን ብለው በክረምት እዚህ ገቡ። ከእነርሱም ጁልየት ብራየር የተባለች የሦስት ትናንሽ ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። ሠረገላቸውን በመንገድ ጥለው ነበርና በእግሯ ሄደች። ባሏ ሲዳከም በሬዎቹን የምትጭነው፣ ልጅ በጀርባዋ የምታዝለው እርሷ ሆነች። የገናን በዓል በሸለቆው ምንጭ አጠገብ አሳልፈው፣ በየካቲት 1850 ዓ.ም. ከበረሃው ወጡ። እስከ 1913 ዓ.ም. ኖራለች፤ ዕድሜዋም ወደ መቶ ተጠግቶ ነበር።

የእኅቴ ባል ዝም ብሎ ሰማኝ። ቆይቶ «እርሷ እንኳ ወዳ አይደለም» አለ። ከዚያም ቱቦውን ይዞ እድፉን ሊደፋ ወጣ። ልጅየው የውሃውን መጠን እየተመለከተ እንዲነግረን አደረግን፤ ትንሿ ሰሐኖቹን ከመታጠባቸው በፊት በወረቀት ትጠርግ ጀመር። ይህች ዘዴ ብዙ ውሃ ታድናለችና ለላንጋኖም ለሶደሬም ጉዞአችሁ ትሆናለች። ጀሪካን የሚሸከመው ማን እንደሆነም ሳትነሡ ተነጋገሩ፤ ሐይቁ ዳር ከደረሳችሁ በኋላማ ሁሉም ዋና ገብቶ እናንተ ሽንኩርት ስትከትፉ ትገኛላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እኅቴ ተኝታ ነበር። ልጆቹ እንዳይቀሰቅሷት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ባለቤቷ ሻይ አፈላ። ስኳሩ በዝቶ ቀረፋው ተረስቶ ነበር። እኅቴ ከእንቅልፏ ስትነቃ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ጨው ሜዳው ወጣች፤ ተራራው ላይ ያለው በረዶ በፀሐይ ቀልቶ ነበር። ሳትጨርሰው አልተመለሰችም።