ከአጣዬ ሽቅብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ሲወጣ፣ ከመንገደኛው እግር ሥር ምድር ያለቀች ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም አምባ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው እዚያ ሲወርድ በሸሚዝ ይቀራል። ከዚህ ወደ ሰሜን የተዘረጋው የማሽላና የግራር አገር የይፋት ቆላ ነው፤ ጀውሃንና ሰንበቴን አልፎ አጣዬ ይደረሳል።

በአውቶቡስ መስኮት የሚያይ መንገደኛ የሚያስተውለው ሜዳውን ነው። አጣዬ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ዘወትር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላይ ያያል። ወንዙ የሚወርደው፣ ደራሽ ጎርፉ የሚመጣው፣ ገብሱና በጉ፣ የበግ ጠጉር ባናውም የሚጫነው፣ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ከቆመው ከዚያ ተራራ ነውና። በተራራው ራስ ላይ ግድምና መንዝ፣ በመንዝም ጓሳ አለ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተበተኑ። ከዚያ አስቀድሞም በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ዘመቻው ግን ትምህርት ቤቱን ራሱን ዘግቶ ገጠሩን ትምህርት ቤት ያደረገ ነበር። ከእነዚህ መካከል ወደ ይፋት የወረደውን ተማሪ በአንድ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ስሙ ብዙ ነው። ካኪ ለብሷል፤ ኮዳ አንግቷል፤ በሸራ ሻንጣው ውስጥ ደብተርና መጽሐፍ ይዟል። በከተማ ተወልዶ ያደገ ነውና፣ ተራራ ማለት ለእርሱ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ በቡናማ ቀለም የተቀባ ሥፍራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእርሱ እንደ በዓል ነበሩ። ጠዋት በወንዝ ይታጠባል፤ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እየተሽቀዳደመ ኮረብታ ይወጣል። የሚወጣበት ምክንያት ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ገበሬ ግን አይጠፋም። «ከብት ጠፍቷችሁ ነው ወይ?» ይሉታል። አልጠፋም። «እንጨት ልትለቅሙ ነው?» አይደለም። «ታዲያ ምን ልታደርጉ?» ለማየት ብቻ ነው ብሎ ሲመልስ ይስቃሉ፤ ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ሥራ የሌለበት ድካም ግን ለገበሬ እንቆቅልሽ ነው።

ቆላው ደግሞ ቀስ በቀስ ማስተማር ጀመረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና የሰሜን ሸዋን ቆላ የመታው ድርቅ ቁስል ገና አልሻረም ነበር። በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ሰዎች ተሰልፈው መኪና ይለምኑ እንደነበር፣ ተማሪው ከነገሩት ሰዎች ፊት ላይ አነበበ። ወባም ምን እንደሆነች በገዛ አጥንቱ አወቃት። ደገኛው ለገበያ ወርዶ ቆላ ማደርን ለምን እንደሚፈራ የገባው፣ ሦስት ቀን ተንቀጥቅጦ ከተነሣ በኋላ ነው።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። ከአዋሽ በኩል አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ፣ ከገደሉ እርከን አርጎባው ጥጡንና ሽመናውን ይዞ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኙበት ነው። ይህ የመገናኘት ልማድ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሣው የይፋት ሱልጣኔት ኑሮው በዘይላ ወደብና በደጋው መካከል በሚመላለሰው ንግድ ላይ ነበር። ኖራን የመሰሉ የጥንት ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሾች ዛሬም በዚያው አቀበት ወገብ ላይ ይገኛሉ። ደገኛው አህያውን የሚነዳበት ጠባብ መንገድ እንግዲህ የብዙ መቶ ዓመታት እግር የፈጠረው ነው።

ተማሪው ጓሳን ለማየት የተነሣው ከዚህ ገበያ ተመላሽ ከሆኑ አንድ አዛውንት ጋር ነው። አዛውንቱ ማሽላና በርበሬ በሁለት አህያ ጭነዋል። ጎረምሳው በመጀመሪያው አቀበት ላይ አህያዎቹን ጥሏቸው ሄደ፤ በሁለተኛው አህያዎቹ ደረሱበት፤ በሦስተኛው ጥለውት ሄዱ። አዛውንቱ አልተጣደፉም፤ አልቆሙም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያለከልክ ደርሰው አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጡትና፣

«ልጄ፣ አቀበት በጉልበት አይወጣም፤ በትዕግሥት ነው» አሉት።

ከአጣዬ እስከ ጓሳ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ወጪው ሰው በእግሩ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሻገራል። ግራሩና ቁልቋሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወይራው ይመጣል፤ ከዚያ ጽዱና ኮሶው፤ በመጨረሻም አጭሩ አስታ። መጽሐፉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ በአንድ መስመር የጻፈውን ተማሪው በሁለት ቀን ላብና ብርድ አነበበው። መንገድ ላይ ያደሩበት ቤት ባለቤት እግሩን አጥበው፣ የገብስ እንጀራ አቅርበው፣ ለራሳቸው ልጆች የነበረውን ባና አለበሱት። ልጆቹ በአንድ ለምድ ሥር ተጠጋግተው አደሩ። ሊያስተምር የመጣው ሰው በዚያች ሌሊት ምንም አላስተማረም።

በማግሥቱ ጓሳ ደረሱ። በ3,200 እና በ3,700 ሜትር መካከል የተዘረጋው አምባ በጠዋት ውርጭ ነጭቶ ነበር። ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር እንደ ባሕር ይነዋወጣል፤ በመካከሉ ጅብራዎች እንደ ዘብ ቆመዋል። ጭላዳዎቹ፣ ከኢትዮጵያ ምድር በስተቀር በየትም የማይገኙት፣ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ይነጫሉ። በመካከላቸውም አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በዝግታ ይራመዳል፤ አይነካቸውም፤ አይሸሹትም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በዚሁ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳስረዳው፣ ቀበሮው ለብቻው ፍልፈልና አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከአራት ጊዜ አንዱን ሲሆን፣ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ግን ከሦስት ጊዜ ሁለቱ ይሳካለታል። ከአፋፉ በስተምሥራቅ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በስተምዕራብ የወረደው ወደ ዓባይ። ተማሪው ያንጊዜ ቁልቁል ወደ አጣዬ አየ፤ የታጠበበት ወንዝ ከየት እንደሚመጣ ገባው።

ሣሩ ጣራ ይከደንበታል፤ ገመድ ይሆናል፤ እረኛ ከዝናብ የሚሸሸግበት ገሳ ይሠራበታል፤ በድርቅ ዘመን ከብት ይተርፍበታል። ታዲያ ይህን ያህል የሚፈለግ ሣር እንዴት ሳያልቅ ቆየ? አዛውንቱ የቀሮን ሥርዓት ነገሩት። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች ምድሩን ለሁለት ከፍለው፣ አለቃ መርጠው ይጠብቁታል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከርማል። በበጋ፣ ችግሩ ሲጠና፣ በአዋጅ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ከባድ ቅጣት ይቀጣል።

ተማሪው ግን በኪሱ ሌላ አዋጅ ይዞ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነው። በታች በቆላው፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይገፈገፍ የነበረው ጢሰኛ በዚህ አዋጅ ሲያለቅስ አይቷል፤ የደስታ ልቅሶ ነበር።

«አባቴ» አለ፣ «የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነው ድኻስ? ከዚህ ሣር ምን ድርሻ አለው?»

«የለውም» አሉ አዛውንቱ ሳያቅማሙ።

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ የሁሉም ነው። ዘር አይጠየቅም።»

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ሣሩን ተመለከቱ። ከዚያ፣ «መልካም። የሁሉም ከሆነ፣ ጠባቂው ማነው?» አሉ።

ተማሪው መልስ አልነበረውም። መልሱ የኅብረት ነው፣ የገበሬ ማኅበሩ ነው ሊል ይችል ነበር፤ አላለም፤ በዚያ ነፋስ ውስጥ ቃሉ ቀለለበት።

ሁለቱም ሰዎች እውነት ይዘው ነበር። የቀሮ ሥርዓት በአጥንት ርስት ላይ የቆመ ነበርና ዘር የሌለውን ከደጅ ያስቀር ነበር፤ ይህ ግፍ ነው። አዋጁም የብዙ ሚሊዮን ጭሰኞችን ቀንበር ሰብሯል፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የርስቱ ሥር ሲነቀል የጥበቃው ሥር አብሮ ተነቀለ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ጓሳ ባለቤቱ ሁሉ፣ ጠባቂው ማንም ያልሆነበት ዘመን መጣ። ማጭድ ጊዜ ሳይጠብቅ ገባ፤ ከብቱም በፈቀደው ወራት ተሰማራ። ሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ትዕግሥት በጥቂት ዓመታት ተበተነ።

ተማሪው ያንን ሁሉ ለማየት አልቆየም። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ከተራራ ለተራራ ሲሮጡ ከነበሩት ጓደኞቹ ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ረገፉ። የአዛውንቱን ጥያቄ ይዘው የተመለሱ፣ ዕድሜ ቢያገኙ ኖሮ ምናልባት መልስ የሚያዘጋጁለት፣ እነርሱ ነበሩ።

መልሱ በመጨረሻ የመጣው ከመንዝ ሰዎች ከራሳቸው ነው። የሣሩ ማለቅ የእነርሱ ጣራና የእነርሱ ከብት ማለቅ መሆኑን ያዩ ገበሬዎች፣ ዘር ሳይቆጥሩ በየቀበሌው ተመካክረው አዲስ የጥበቃ ጉባኤ አቋቋሙ። ከቀሮ የመዝጋቱንና የመክፈቱን ጥበብ ወሰዱ፤ ከአዋጁ የእኩልነቱን መንፈስ ወሰዱ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ ዘቦቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከቀሩባቸው ጥቂት መጠጊያዎች አንዱ ይኸው አምባ ነው።

በታች በቆላው ያለው ነገር የከበደ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰባት ግጭትና ቃጠሎ እጅግ ተጎድታለች፤ በዘመናት የተገነባው ቤትም ጉርብትናም በጥቂት ቀናት ተፈትኗል። የሰንበቴን ገበያ የመሰለ መገናኛ ያቆየው ሕግ የተጻፈ አልነበረም፤ እንደ ጓሳ ሣር፣ ሁሉም ስለሚፈልገው ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ነበር።

ወጣት ተራራ መውጣት ይወዳል፤ መልካም ነው፤ ይውጣ። ከፍታ ግን ለዓይን ብቻ አልተሰጠም። በጉልበቱ የሚወጣ ሰው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፤ ከባለ አህያው ጋር የሚወጣ ሰው ግን ወንዙ ከየት እንደሚነሣ፣ ሣሩን ማን እንደሚጠብቀው ጠይቆ ይመለሳል። የመማር ዋጋው ጥያቄውን ይዞ መውረዱ ነው፤ «የሁሉም ከሆነ፣ ጠባቂው ማነው?» ይህ ጥያቄ ለሣር ብቻ የተጠየቀ አይደለም።